ኮሞዶር 64 በሰብሳቢ ሚዛን

የኮሞዶር 64 ኮምፒውተር ማብሪያ በቀኝ ጎኑ ላይ ነው። ሲያበሩት ቀይዋ መብራት ወዲያው ትበራለች፤ ስክሪኑ ለሁለት ሰከንድ ያህል ባዶ ሆኖ ይቆይና ሰማያዊ መደብ ላይ ፈካ ባለ ሰማያዊ ቀለም ጥቂት መስመሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው መስመር የማሽኑን ስምና ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋውን ሁለተኛ እትም ይናገራል፤ ቀጥሎ ያለው 64 ኪሎባይት ራም (የሥራ ማስታወሻ) እንዳለውና ከዚያ ውስጥ ለቤዚክ 38911 ባይት ነፃ መሆኑን ያስታውቃል፤ በመጨረሻ ዝግጁ መሆኑን የሚገልጽ አንድ ቃል ይመጣና ከሥሩ አራት ማዕዘን ጠቋሚ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ከ40 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ማሽን እንዲህ ባለ ፍጥነት ለሥራ ሲቀርብ ማየት፣ ስንት ጊዜ ባየውም፣ እስከ ዛሬ ደስ ያሰኘኛል።

38911 የምትለዋን ቁጥር የቆዩ ኮምፒውተሮችን የሚሰበስብ ሰው በቃሉ ሊይዛት ይገባል። ማሽኑ 64 ኪሎባይት፣ ማለትም 65536 ባይት አለው እየተባለ ነፃው ከዚያ በጣም ያነሰው ለምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው የማሽኑን አሠራር ግማሽ መንገድ ተጓዘ ማለት ነው። በቤዚክ የምንጽፈው ፕሮግራም የሚጀምረው ከአድራሻ 2049 ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን ቦታ ማሽኑ ለራሱ ማስታወሻና ለስክሪኑ ጽሑፍ ይጠቀምበታል። በአድራሻ 40960 ደግሞ የቤዚክ ሮም፣ ማለትም ቤዚክ የተጻፈበት የማይለወጥ ማስታወሻ፣ ይጀምራል። ከ40960 ላይ 2049 ሲቀነስ 38911 ይቀራል፤ ቁጥሩ ይኸው ነው። ከሮሙ ሥር ያለው ራም ግን አልጠፋም፤ ተሸፍኖ ነው ያለው። በአድራሻ 1 ላይ ያለችውን ዋጋ የቀየረ ፕሮግራም ሮሙን ገልጦ ከሥሩ ያለውን ራም ማግኘት ይችላል። ይህን ሁሉ ለመረዳት ምህንድስና መማር አያስፈልግም፤ አንድ ቅዳሜና እሑድ ይበቃል። ኮሞዶር 64ን ለአዲስ ሰብሳቢ ከሌሎች ሁሉ አስቀድሜ የምመክረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንድ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊያውቀው፣ ሲበላሽም በገዛ እጁ ሊጠግነው የሚችል ማሽን ነው። ይህን ስል ጉድለቱን ሸፍኜ ለማለፍ አይደለም፤ ከጉድለቶቹ አንዱ ማሽኑን በአንድ ቅጽበት ሊገድለው ስለሚችል ከታች በስፋት እመለስበታለሁ።

ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በጥር 1982 በላስ ቬጋስ በተካሄደው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ትርኢት ላይ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በ595 ዶላር ለገበያ ቀረበ። በጊዜው 64 ኪሎባይት ራም ያለው ኮምፒውተር በዚህ ዋጋ መሸጡ ተፎካካሪዎቹን አስደንግጧል። ይህ ሊሆን የቻለው ኮሞዶር በ1976 ሞስ ቴክኖሎጂ የተባለውን የቺፕ አምራች ገዝቶ ስለነበር ነው፤ ሌሎች ኩባንያዎች ከገበያ የሚሸምቱትን ቺፕ እርሱ በገዛ ፋብሪካው ያመርት ነበር። በፖላንድ ሎድዝ ከተማ ተወልዶ ከአውሽቪትስ የሞት ካምፕ የተረፈው የኩባንያው መሥራች ጃክ ትራሚየል ኮምፒውተር የብዙኃኑ ዕቃ መሆን አለበት የሚል ጽኑ አቋም ነበረው፤ የማሽኑም ዋጋ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። ምርቱ እስከ 1994 ቀጥሎ ኩባንያው በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሲከስር አበቃ። ስንት እንደተሸጠ ግምቱ ይለያያል፤ ዝቅተኛው 12.5 ሚሊዮን፣ ከፍተኛው 17 ሚሊዮን ይደርሳል፤ በዝቅተኛውም ቢሆን በአንድ ሞዴል ብዙ የተሸጠ ኮምፒውተር በመሆን የጊነስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ይህ ታሪክ ለሰብሳቢ ሁለት ውጤት አለው። መልካሙ፣ ማሽኑ በብዛት ስለተሠራና በ12 ዓመት ውስጥ መሠረታዊ አሠራሩ ስላልተለወጠ ስለ እርሱ ያልተጻፈ፣ ያልተለካ፣ ያልተመረመረ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ክፉው፣ ልዩ ቺፖቹ በዚያ አንድ ፋብሪካ ብቻ የተሠሩ በመሆናቸው ዛሬ እንደ አዲስ አይመረቱም። አንድ ኦሪጅናል ቺፕ በሞተ ቁጥር በዓለም ላይ ካለው ክምችት ለዘለዓለም አንድ ይቀንሳል። ሰብሳቢዎች ስለ ኤሌክትሪኩ የምንጨነቀው ለዚህ ነው።

ማሽኑን መክፈት ቀላል ነው። ከሥሩ በፊት ለፊት ጠርዝ በኩል ያሉትን ሦስት ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትቶ ቀፎውን ወደ ኋላ እንደ ሣጥን ክዳን ማንሳት ነው፤ ላይኛው ክፍል ኪቦርዱን ይዞ ስለሚነሳ የኪቦርዱንና የመብራቷን ገመድ ሳይጎትቱ መንቀል ያስፈልጋል። በብዙዎቹ ላይ መጀመሪያ የሚታየው በብር ወረቀት የተለበጠ ካርቶን ነው። የሬዲዮ ሞገድ እንዳይወጣ ታስቦ የተደረገ ሲሆን ጥቅሙ ያኔ ለነበረው ሕግ እንጂ ለማሽኑ አይደለም፤ ሙቀት አፍኖ ስለሚይዝ እኔ ከሁሉም ማሽኖቼ ላይ አውጥቼ፣ ኦሪጅናልነቱ እንዲጠበቅ ግን ሳልጥለው ለየብቻ አስቀምጫለሁ። ከካርቶኑ ሥር ማዘርቦርዱ ይገኛል፤ በላዩ ላይ ያሉትን ቺፖች በዐይን ቆጥሮ የእያንዳንዳቸውን ሥራ መናገር ይቻላል። 6510 ፕሮሰሰሩ ለአውሮፓው የቴሌቪዥን ሥርዓት በተሠራው በፓል ማሽን ላይ ከ1 ሜጋኸርዝ በጥቂቱ ባነሰ፣ ለአሜሪካው በተሠራው በኤን ቲ ኤስ ሲ ማሽን ላይ ደግሞ በጥቂቱ በበለጠ ፍጥነት ይሠራል። ቪክ የሚባለው ቺፕ 320 በ200 ነጥብ ምስል፣ 16 ቀለማትና ስፕራይት የሚባሉ ስምንት ተንቀሳቃሽ ምስሎችን ያወጣል። ሁለቱ 6526 ቺፖች ኪቦርዱን፣ ጆይስቲኩንና የዲስኩን መስመር ይከታተላሉ።

ሲድ የሚባለው የድምፅ ቺፕ ግን ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። የነደፈው ቦብ ያነስ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ኋላ ኤንሶኒክ የተባለውን የሙዚቃ መሣሪያ አምራች ከመሠረቱት አንዱ ሆኗል። ይህ ሰው ያኔ ኮምፒውተሮች ያወጡት ከነበረው ጢጥታ አልፎ እውነተኛ የሙዚቃ መሣሪያ በአንድ ቺፕ ውስጥ ለማኖር ነበር ያሰበው። ሦስት ድምፆች አሉት፤ እያንዳንዳቸው አራት ዓይነት የሞገድ ቅርጽ ማውጣት ይችላሉ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የድምፁን ቀለም የሚቀይር ፊልተር አለው። ፊልተሩ ዲጂታል ሳይሆን አናሎግ ስለሆነ፣ በተለይ በመጀመሪያው 6581 በሚባለው ዓይነት ላይ፣ የአንዱ ማሽን ድምፅ ከሌላው ትንሽ ይለያል። ሁለት ማሽኖችን ጎን ለጎን አስቀምጬ አንድ ዜማ ሳጫውት አንደኛው ጎርነን፣ ሌላው ሳሳ ብሎ ሲሰማኝ ልዩነቱን የፈጠረው ያ ፊልተር ነበር። ኋላ የመጣው 8580 የተባለው ዓይነት ይበልጥ የተስተካከለ ነው። አንባቢ አጥብቆ ሊይዘው የሚገባው ነገር ቢኖር ሁለቱን እንዲሁ ማለዋወጥ አለመቻሉን ነው፤ የመጀመሪያው በ12 ቮልት፣ ሁለተኛው በ9 ቮልት ነው የሚሠራው። 8580ን 12 ቮልት በሚሰጥ ቦርድ ላይ የሰካ ሰው ቺፑን እያወቀ አቃጠለው ማለት ነው።

ስለ ሲድ ይህን ያህል የጻፍኩት ሁለተኛውን ማሽኔን የገዛሁበትን ሁኔታ ስለማልረሳው ነው። ሻጩ የግል ሻጭ ነበር፤ ማሽኑ «በደንብ ይሠራል» ብሎ የበራ ስክሪን ፎቶ ልኮልኛል፤ በፎቶው ላይም 38911 በግልጽ ይነበብ ነበር። ዕቃው ደርሶኝ ሳበራው እንደተባለው ሆነ፤ ጽሑፉ ወጣ፣ ኪቦርዱም ሠራ። የሙዚቃ ፕሮግራም ስጭን ግን ትንፍሽ አላለም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ገመዱን ነበር፤ ቀጥሎ ድምፅ ማጉያውን፤ በመጨረሻ ሦስቱን ብሎኖች ፈታሁ። 28 ቀዳዳ ያለው የሲድ ሶኬት ባዶውን ተቀምጧል፤ በዙሪያው ያለው አቧራ ወፍራም ሲሆን ሶኬቱ ላይ ግን ምንም አቧራ አልነበረም። ቺፑ በቅርቡ ተነቅሎ መውጣቱን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ኮሞዶር 64 ያለ ሲድ ያለ ምንም ቅሬታ ይነሳል፤ ስክሪኑም ምንም የተለየ ነገር አይናገርም። ስለዚህ የበራ ስክሪን ፎቶ ማሽኑ ሙሉ ለመሆኑ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። ከዚያ ወዲህ የተከፈተ ማሽን ፎቶ ካልተላከልኝ ገንዘብ አልከፍልም። ቺፑን ለብቻው ልግዛ ያለ ሰውም ይጠንቀቅ፤ ላዩን ፍቀው የሌላ ቺፕ ቁጥር የሚያትሙበት አሉ። በዘመናዊ ፕሮሰሰር የተሠሩ ምትኮች አሉ፤ ጥሩዎቹ ለጆሮ በጣም ይቀርባሉ። እኔ ግን በመጨረሻ ቦርዱ በውሃ ተበልቶ ከማይድን ማሽን ላይ አንድ 6581 አግኝቼ በዚያ ባዶ ሶኬት ውስጥ አስገባሁት። የመጀመሪያዋ ኖታ የወጣችበትን ምሽት አልረሳውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉድለት ልለፍ። ከማሽኑ ጋር አብሮ የመጣው ፓወር ሰፕላይ 5 ቮልት ቀጥታ ኤሌክትሪክና 9 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። በብዙዎቹ ሞዴሎች ውስጡ በጠጣር ሙጫ ተሞልቶ ስለተደፈነ ተከፍቶ አይጠገንም፤ ሙቀቱም መውጫ የለውም። 5 ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር በዚያ ሙቀት ውስጥ ለዐሥርተ ዓመታት ኖሮ አንድ ቀን ሲሞት፣ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ዝም በማለት ሳይሆን ከ5 ቮልት በላይ በመልቀቅ ነው። ያ ትርፍ ቮልቴጅ በቀጥታ ወደ ራሙና ወደ ሌሎቹ ቺፖች ይገባል። ማሽኑ ውስጥ ፊውዝ አለ፤ ነገር ግን የሚጠብቀው የ9 ቮልቱን መስመር ነው፤ ለ5 ቮልቱ የቆመለት ጠባቂ የለም። ቺፖቹ የሚፈልጉት ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ባለው ውስጥ እንዲሆን ነው። መልቲሜትር ያለው ሰው ከመሰካቱ በፊት መለካቱ ተገቢ ቢሆንም፣ ዛሬ 5.1 ቮልት ያነበበው ፓወር ሰፕላይ ነገ በሞቀ ጊዜ ምን እንደሚሰጥ መለኪያው ሊነግረው አይችልም። «እስካሁን ሠርቷልኮ» የሚለውን መከራከሪያ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። የዚህ ዕቃ ጉዳቱ ግን ሳያስጠነቅቅ መምጣቱ ነው፤ ትናንት መሥራቱ ስለ ዛሬ ምንም አይናገርም።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ ኦሪጅናሉን ፓወር ሰፕላይ ለስብስቡ ሙሉነት በመደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት እንጂ አይሰኩት። በዘመናዊ ዕቃ የተሠሩ ምትኮች አሉ፤ እነዚህ ለማሽኑ ከሚገዙት ነገሮች ሁሉ የመጀመሪያው መሆን አለባቸው፤ ከጨዋታውም፣ ከዲስኩም፣ ከጆይስቲኩም ይቀድማሉ። ኦሪጅናሉን የግድ መጠቀም ለሚፈልግ ሰው በመካከል ገብታ ቮልቱ ከልክ ሲያልፍ መስመሩን የምትቆርጥ ትንሽ መከላከያ ሰርኪት አለች፤ እርሷም ብትሆን ካለመኖሯ መኖሯ ይሻላል። ያገለገለ ሌላ ኦሪጅናል ፓወር ሰፕላይ ፈልጎ መግዛት ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ዕድሜውም ሙጫውም ያው ነውና።

በዚህ ጉዳት የተነካ ማሽን ሲበራ መብራቷ ትበራለች፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። መብራቷ የምትናገረው 5 ቮልት መድረሱን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ጥቁር ስክሪን ያለው ማሽን ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ሰብሳቢ የሚደሰትበት የጥገና ሥራም ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይጀምራል። ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ፒ ኤል ኤ የሚባለው ቺፕ ነው፤ ፕሮሰሰሩ አንድ አድራሻ በጠራ ቁጥር ራሙ ይመልስ ወይስ ሮሙ ብሎ የሚወስነው፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ እንደቆመ ትራፊክ ፖሊስ ያለ ነው፤ በጣም ስለሚሞቅ ቶሎ ይሞታል። ደግነቱ ምትኩ በዘመናዊ ዕቃ ተሠርቶ ይገኛል። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ራሙ ነው። በቀደሙት ቦርዶች ላይ ስምንት የራም ቺፖች በተርታ ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ባይት አንዷን ቢት የሚይዘው አንዱ ቺፕ ነው። ስለዚህ አንዱ ብቻ ቢሞት በ65536ቱም አድራሻዎች ላይ ያቺው አንድ ቢት ትሳሳታለች፤ ማሽኑም አይነሳም። ለዚህ ተብሎ የተሠራ የመመርመሪያ ካርትሪጅ አለ፤ ከኋላ ሲሰካ ስክሪኑን ብልጭ ድርግም ያደርገዋል፤ ስንት ጊዜ እንዳደረገው ቆጥሮ የትኛው ቺፕ እንደታመመ ማወቅ ይቻላል። ብልጭታውን እየቆጠሩ ከስምንቱ አንዱን ቺፕ በጣት መለየት፣ ከዚያ በሶልደር ፈትቶ ሶኬት መትከልና አዲስ ቺፕ መስካት፣ ማታ ላይ ሰማያዊውን ስክሪን ማየት በዘመናችን ኮምፒውተር ላይ የማይገኝ እርካታ አለው። ዛሬ በምንይዘው ላፕቶፕ ላይ ራም ሲሞት ብዙ ጊዜ የሚጣለው ሙሉው ቦርድ ነው።

ከሌሎች ማሽኖች ጋር ሳነጻጽረው ኮሞዶር 64 በውስጡ በሌሉት ነገሮች ይበልጣል። ባትሪ የለውም። አሚጋ 2000ንና አሚጋ 500 ፕላስን የመሳሰሉ በጣም የተወደዱ ማሽኖች ቦርዳቸው ላይ የተበየደው ባትሪ ብረት የሚበላ ፈሳሽ አውጥቶ መስመሮቹን በልቷቸዋል፤ ማሽኑ ሳይነካ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ እንኳን ከዚህ አይድንም። ኮሞዶር 64 ግን ለ20 ዓመት በሣጥን ውስጥ ቢረሳ፣ ቦታው ደረቅ እስከሆነ ድረስ፣ እንደተቀመጠ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እንደወጣው ማኪንቶሽ በውስጡ የስክሪን ቱቦ የለበትም፤ ስለዚህ ጀማሪ ሲከፍተው በሺዎች ቮልት የሚቆጠር ኤሌክትሪክ አይጠብቀውም። በዚያው በ1982 የወጣው ዜድ ኤክስ ስፔክትረም ደስ የሚል ማሽን ቢሆንም የኪቦርዱ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን በዕድሜ እየደረቀ ይሰነጠቃል፤ የኮሞዶር 64 ኪቦርድ ግን እውነተኛ ስፕሪንግ ያላቸው 66 ቁልፎች አሉት፤ አንዳንዱ ቁልፍ አልሠራ ቢል አብዛኛውን ጊዜ ፈትቶ ንክኪዎቹን በአልኮል ማጽዳት ይበቃዋል። ሲፈታ የሺፍት መቆለፊያዋ ሁለት ገመዶች በሶልደር የተያያዙ መሆናቸውን መርሳት አይገባም፤ ብዙ ሰው ሳያይ ጎትቶ ይበጥሳቸዋል።

የዲስክ ማጫወቻው፣ 1541 የሚባለው፣ የማሽኑ ሁለተኛ ድክመት ነው። በውስጡ የራሱ ፕሮሰሰርና 2 ኪሎባይት ራም ያለው፣ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ነው፤ በአንድ የዲስክ ገጽ ላይ 170 ኪሎባይት ያህል ይይዛል። ፍጥነቱ ግን በሰከንድ ወደ 400 ባይት ገደማ ብቻ ነው፤ የማሽኑን ነፃ ቦታ የሚሞላ ፕሮግራም ለመጫን ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ይወስዳል። ምክንያቱ ያሳዝናል፤ ከኮሞዶር 64 በፊት በነበረው ቪክ 20 በተባለው ኮምፒውተር ላይ የተጠቀሙበት ቺፕ መረጃ በሚያስተላልፍበት ክፍል ላይ ስሕተት ስለነበረበት ሥራውን በሶፍትዌር ቢት በቢት እንዲሠራ አደረጉት፤ አዲሱ ማሽን ከቀድሞው ዕቃ ጋር ይስማማ ሲባል ዝግታውም አብሮ ተወረሰ። ያኔ ይህን የሚያፋጥኑ ካርትሪጆች ወጥተው ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የኤስ ዲ ካርድ የሚያነቡ፣ ራሳቸውን እንደ 1541 የሚያስመስሉ ትናንሽ መሣሪያዎች አሉ። እኔ ለዕለት አጠቃቀም ካርዱን እመርጣለሁ፤ 1541ን ግን አልጣልኩም። የድሮ ዲስክ ያገኘ ሰው የመጀመሪያ ሥራው መጫወት ሳይሆን መገልበጥ ነው። ዲስኩን ከማስገባቱ በፊት በቀዳዳው በኩል ገጹን በብርሃን ይመልከተው፤ ሻጋታ ያለበት ዲስክ የማጫወቻውን ራስ ያቆሽሸዋል፤ ያ ራስ ደግሞ ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ዲስክ ይፍቀዋል። በእጅ የተጻፈበት፣ የማንነቱ የማይታወቅ ዲስክ ላይ አንድ ሰው በ1980ዎቹ የጻፈው፣ ሌላ ቦታ የሌለ ፕሮግራም ሊኖር ይችላል።

ስለ ፓልና ኤን ቲ ኤስ ሲ ልዩነት ብዙ ጀማሪዎች ዘግይተው ነው የሚሰሙት። የፓሉ ማሽን በሰከንድ 50 ምስል፣ ሌላው 60 ምስል ያወጣል። ፕሮግራሞቹ ፍጥነታቸውን የሚቆጥሩት በምስሉ ልክ ስለሆነ ለፓል የተጻፈ ዜማ በኤን ቲ ኤስ ሲ ማሽን ላይ ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይፈጥናል፤ ቪክ ቺፑን በእያንዳንዷ መስመር ላይ እየጠበቁ ምስል የሚቀይሩ ረቂቅ ፕሮግራሞች ደግሞ ጭራሽ ይበላሻሉ። ስለዚህ ማሽን ከመምረጥ በፊት የሚወዱት ሶፍትዌር ለየትኛው እንደተሠራ ማወቅ ይገባል። ስክሪንን በተመለከተ፣ የድሮ ቱቦ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ሌላ አያስፈልገውም። ጠፍጣፋዎቹ ዘመናዊ ስክሪኖች ምልክቱን አንዳንዴ ይቀበሉታል፣ አንዳንዴም አይቀበሉትም። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቦርዶች በኋላ የመጡት ብርሃኑንና ቀለሙን ለየብቻ የሚያወጡ በመሆናቸው በዚያ በኩል የተያያዘ ምስል በአንቴና መስመር ከሚገባው በእጅጉ ይጠራል።

መልኩን በተመለከተ፣ የዳቦ ማስቀመጫ ሣጥን የሚመስለው የመጀመሪያው ቡናማ ቀፎና በ1986 የመጣው ጠፍጠፍ ያለው ነጣ ያለ ቀፎ ሁለቱም ደጋፊ አላቸው። የኋለኛው በብርሃን ምክንያት ቢጫ መሆኑ ጎልቶ ይታያል። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማንጣት የተለመደ ሆኗል፤ እኔ አላደርገውም። ሳይስተካከል ሲቀር መስመር መስመር ያወጣል፣ ቢጫውም ከጊዜ በኋላ የሚመለስበት አጋጣሚ ብዙ ነው፤ ዕድሜውን የሚናገር ቀፎ ላይም ምንም ነውር አይታየኝም።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው፣ ቀፎውንና ኪቦርዱን በሙሉ መጠኑ የሚመስል፣ ውስጡ ግን በዘመናዊ ፕሮሰሰር የሚሠራ ቅጂም አለ። ጨዋታውን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ከበቂ በላይ ነው፤ በዘመናዊ ቴሌቪዥን ላይ በአንድ ገመድ ይሠራል፣ ስለ ፓወር ሰፕላይም አያሳስብም። ለሰብሳቢ ግን አይበቃም፤ ሲከፈት የሚነበብ ነገር የለበትምና።

በኦሪጅናሉ ላይ አዲስ ባለቤት በመጀመሪያው ምሽት እንዲያደርገው የምመክረው ነገር ጨዋታ መጫን አይደለም። አድራሻ 53280 ላይ ዜሮን የሚያኖረውን የቤዚክ ትእዛዝ ይጻፍ፤ የስክሪኑ ዙሪያ በዚያችው ቅጽበት ጥቁር ይሆናል። በመካከል ምንም ፕሮግራም፣ ምንም ፈቃድ ሰጪ ሳይኖር ጣቱ በቀጥታ የቪክ ቺፑን ነካ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ቀጣዩ አድራሻ 53281 ይለፍ፤ እርሱ መደቡን ይቀይራል። አሥራ ስድስቱንም ቀለማት በየተራ ከሞከረ በኋላ ከ54272 ጀምሮ ወዳሉት የሲድ አድራሻዎች ይሂድ፤ ሶኬቱ ባዶ ከሆነም የዚያኑ ምሽት ያውቀዋል።

ለሚገዛ ሰው የምለው ይህን ነው። ሞዴሉ የትኛውም ይሁን፣ ቀፎው ምንም ያህል ይቆሽሽ፣ ቦርዱ ያልተነካካና ቺፖቹ ሙሉ የሆኑበትን ይምረጥ፤ የውስጡን ፎቶ ይጠይቅ፤ የሲድ ቺፑን ቁጥር አጉልቶ ያንብብ። ከሻጩ ጋር በአካል ከተገናኘ የራሱን ፓወር ሰፕላይ ይዞ ይሂድ፤ ሻጩ «በኔው እንሞክረው» ቢለው በትሕትና እምቢ ይበል።